ቆሎው የተጠቀለለበት ወረቀት፦ የአንዲት ማተሚያ ቤት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 1 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ዋናው ፖስታ ቤት በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ገባ ብላ አንዲት ማተሚያ ቤት አለች። የአክስቴ ናት። ዛሬ ጠዋት ወደዚያ ስሄድ በሩ ፊት ለፊት ከሚቀመጡት እናት ቆሎ ገዛሁ። ቆሎውን በልቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው ንጹሕ፣ ነጭ፣ 80 ግራም ወረቀት ነው። አናቱ ላይ የአንድ አስመጪ ስምና አርማ በሁለት ቀለም ታትሞበታል። የስልክ ቁጥሩን ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ አኃዝ ነው። አንድ ይጎድላል።

«እማማ፣ ይህን ወረቀት ከየት ነው የሚያገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጆቹ ናቸው የሚሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። እዚህ ከተቀመጥኩ ወዲህ ወረቀት ገዝቼ አላውቅም» አሉኝ።

ላይ ወጥቼ አክስቴን ባለፈው ወር ስንት ሥራ እንደተበላሸ ስጠይቃት ጥቁር ሽፋን ያለውን ደብተሯን ገለጠችና «ሦስት» አለችኝ። የአክስቴ ደብተርና የእማማ ቆሎ አይጣጣሙም።

አክስቴ የጠራችኝ ምክር ፈልጋ ነው። እኔ በጥራት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁት በምግብ ፋብሪካ ነው፤ ስለ ኅትመት የማውቀው ጥቂት ነው። ደንበኞች የተበላሸ ሥራ ይዘው እየተመለሱባት ነው። የእሷ ሐሳብ ዕቃው ከበር ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱን ሥራ የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ መቅጠር ነው። ሥራ ሲበላሽ የወረቀቱ ዋጋ ካበላሸው ሰው ደመወዝ ይቆረጣል፤ ደንቡ ማተሚያ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለ ነው። «ሠራተኞቼ ግድ የላቸውም» ትላለች። ተቆጣጣሪ ከመቅጠሯ በፊት ሦስት ወር እንድትሰጠኝ ለመንኳት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ እመጣለሁ። ያየሁትንና ያደረግነውን እዚህ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምንም ሳላስተካክል አንድ ሥራ ብቻ ተከተልኩ። ማክሰኞ የገባ የ500 ደብዳቤ ወረቀት ትዕዛዝ ነበር። ያለፈበትን እያንዳንዱን እጅ እየጠየቅኩ ጻፍኩ።

ደንበኛው የሚፈልገውን ለትዕዛዝ ተቀባይዋ በቃል ነገራት። እሷ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጻፈችው። ወረቀቱ ወደ ዲዛይነሩ ሄደ። አርማው ግን በቴሌግራም የተላከው በዲዛይነሩ የግል ስልክ ነው። ረቡዕ ደንበኛው አድራሻውን ለማስቀየር ዲዛይነሩ ዘንድ ደወለ፤ ትዕዛዝ ተቀባይዋ አልሰማችም። ማረሚያው (ከዋናው ኅትመት በፊት ለእርማት የሚወጣው ናሙና) ታትሞ ወረደ። ደንበኛው መኪናውን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ፈረመበት። ከዚያ ፕሌት (የሚታተመው ምስል የሚያርፍበት ስስ ብረት)፣ ማሽን፣ መቁረጫ፣ ማሸግ።

በጠቅላላው አሥራ አንድ ቅብብሎሽ ቆጠርኩ። ከእነዚህ በአራቱ መረጃው በማንም ወረቀት ላይ የለም፤ በአንድ ሰው ጭንቅላት ወይም ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ሥራው አራት ቀን ፈጀ። እጅ ያረፈበትን ጊዜ ስደምረው ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ የቀረው ጥበቃ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁሉም ሠራተኛ በየቦታው ጥሩ ሲሠራ ነው ያየሁት። የማሽኑ ባለሙያ (ሁሉም ጋሼ ነው የሚሏቸው) የቀለሙንና የውኃውን ሚዛን በጣታቸው ጫፍ ያውቁታል። የኦፍሴት ኅትመት ዘይትና ውኃ ባለመስማማታቸው ላይ የቆመ ሥራ ነው፤ ውኃው ሲበዛ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሲያንስ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ይቆሽሻል። ጋሼ የማሽኑን ድምፅ ሰምተው ብቻ ውኃውን ሲቀንሱ አይቻለሁ። ይህን ሰው ግድ የለውም ማለት ይከብደኛል።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት ማሽኑ አጠገብ አንድ ትልቅ ካርቶን ለጥፌ ነበር። «ሥራ ሲበላሽ ቀኑንና የተበላሸውን ነገር ጻፉ፤ ስም አይጻፍም» ብዬ። ዛሬ ስመጣ ካርቶኑ ነጭ ነው። አንድ መስመር የለበትም።

ከምሳ በኋላ ጋሼ «ና ተከተለኝ» አሉኝና ከደረጃው ሥር ወዳለው ጨለማ ወሰዱኝ። እዚያ አራት የጤፍ ጆንያ ተደርድሯል። አንዱን ፈቱት። እስከ አፉ የተበላሸ ኅትመት ነው፤ የተጣመመ ካርድ፣ ሁለት ጊዜ የታተመ ብሮሹር፣ ቀለሙ የሸሸ የምስክር ወረቀት።

«ልጄ፣ ይህ ደመወዛችን ነው» አሉኝ። «ላይ ቢወጣ ይቆረጣል። እዚህ ሲሆን እኛው ተዋጥተን ወረቀት ከመርካቶ እናመጣለን፤ እትዬ ከወጡ በኋላ ማታ እንደግመዋለን።»

ልቤ ደነገጠ። እነዚህ ሰዎች ከኪሳቸው አውጥተው፣ የእረፍት ጊዜያቸውን ሰውተው፣ የአክስቴን ደንበኞች ሲያድኑ ከርመዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የት ቦታ ምን እንደሚበላሽ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለው አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ ኃላፊዎች አስተምሯል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጃፓኖች በስሙ ሽልማት አቋቋሙ። ኋላ ላይ ካወጣቸው 14 የአመራር ነጥቦች ስምንተኛው ፍርሃትን ከመሥሪያ ቤት አስወግዱ የሚል ነው። በፋብሪካ ሳለሁ ይህን ነጥብ እንደ ደግ ምክር አልፌው ነበር። ዛሬ ከደረጃው ሥር ቆሜ ሳስበው የመለኪያ ጉዳይ ሆኖ ታየኝ። ሰው የሚፈራ ከሆነ ቁጥሩ ውሸት ነው። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ደግሞ ሌላው ዘዴ ሁሉ የቆመው በአየር ላይ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለው የእኛው አባባልም ይህንኑ ነው የሚለው።

ጋሼን አስፈቅጄ አክስቴን ወደ ጆንያዎቹ ወሰድኳት። ማንም እንደማይቀጣ አስቀድሜ ቃል አስገብቻታለሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አንድ የሠርግ ካርድ አንስታ ብዙ ጊዜ አገላበጠችው።

«ቅጣቱን ካነሳሁ ማን ይጠነቀቃል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ቅጣቱ ሳይነሳ ይኸው አራት ጆንያ ሞልቷል» አልኳት።

«እንግዲያው ሦስት ወር ብቻ» አለችና ተነሳች።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

አክስቴ ሐሙስ ዕለት ሠራተኞቹን ሰብስባ መቁረጡ መቆሙን ራሷ ነገረቻቸው። እኔ አልነበርኩም፤ ባልኖር ይሻል ነበር፣ ቃሉ የእሷ ነውና። ካርቶኑ ላይ በዚህ ሳምንት ከገቡት 61 ሥራዎች 26 ብልሽት ተጽፏል። አክስቴ ቁጥሩን አይታ ክው አለች። በወር ሦስት የነበረው በሳምንት 26 ሆነ! ብልሽቱ እንዳልጨመረ፣ የታየው ብቻ እንደጨመረ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ከ26ቱ 14ቱ የጽሑፍ ስሕተት ናቸው፤ ቀን፣ ስልክ፣ ስም። አምስቱ ከወረቀት፣ አራቱ ከቀለም፣ ሦስቱ ከመቁረጥ የመጡ ናቸው። እኔ አብዛኛው ችግር ከማሽኑ ይመጣል ብዬ ገምቼ ነበር፤ ዕድሜው የገፋ ማሽን ነው፣ አክስቴም አዲስ ለመግዛት ብድር እያሰበች ነበር። አዲስ ማሽን የተሳሳተ ስልክ ቁጥርን በፍጥነት ከማተም በቀር ለ14ቱ ምንም አያደርግላቸውም። የጥራት ሊቁ ጆሴፍ ጁራን ጥቂት ምክንያቶች አብዛኛውን ጉዳት ያመጣሉ የሚለውን መርህ በጣሊያናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ በፓሬቶ ስም የጠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የብድሩ ነገር ለጊዜው ተቀመጠ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

የጥር ሠርግ እየደረሰ ስለሆነ ካርድ በካርድ ሆነናል። ዛሬ 300 የሠርግ ካርድ ተመለሰ። የሙሽራዋ ወንድም ነው ይዞት የመጣው፤ አልጮኸም፣ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በጣቱ አሳየን። በአማርኛው በኩል «እሑድ፣ ጥር 18 ቀን 2017» ይላል። በእንግሊዝኛው በኩል እሑድ፣ ጃንዋሪ 27። ጥር 18 ዘንድሮ የሚውለው ጃንዋሪ 26 ነው፤ 27 ሰኞ ነው። ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች የአውሮፕላን ትኬታቸውን የሚቆርጡት በእንግሊዝኛው ነው።

ዲዛይነሩ ላቡ በፊቱ ላይ ወረደ። ከጎኑ ተቀምጬ ለምን እያልኩ ጠየቅኩት። የቶዮታ ሰዎች ከሳኪቺ ቶዮዳ የወረስነው ነው የሚሉት፣ አምስት ጊዜ ለምን ብሎ የመጠየቅ ዘዴ ነው። ለመክሰስ እንዳልሆነ አስቀድሜ ነገርኩት።

ለምን 27 ተባለ? ካርዱ ከዓምና ካርድ ተቀድቶ ስለተሠራ። የዓምናውን ፋይል ከፈትነው፤ «ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን 2016፣ ጃንዋሪ 27» ይላል። ዓምና ትክክል ነበር። ታዲያ ለምን ዘንድሮ ስሕተት ሆነ? እዚህ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። መልሱን የሰጡን ከማሽኑ ጋር ሲታገሉ የነበሩት ጋሼ ናቸው፤ «ዓምና ገና በ28 ነበር እኮ የዋለው!»

እውነት ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ወጣች፤ የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ጨምረው እስኪያስተካክሉት፣ ቀኖቹ ሁሉ በአንድ ተንሸራትተው ነበር። ገናም በዚያ ምክንያት ታኅሣሥ 28 ተከበረ። የሠርጉ ወር ጥር ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በዚሁ መካከል ነው። ዲዛይነሩ የሳምንቱን ቀንና ዓመተ ምሕረቱን ቀይሯል፤ አንዷን ቁጥር ግን የመቀየር ምክንያት አልታየውም፤ ጥር 18 በዓመቱ የትም አይሄድም ብሎ ነው። በሥራ ጫና ውስጥ ያለ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ይህን ያደርጋል። ሌላ ዲዛይነር ብንቀጥርም ያደርገዋል።

መፍትሔው «ተጠንቀቅ» የሚል ቃል ሊሆን አይችልም። ያደረግነው ይህን ነው፦ ከመነሻ ፋይሎቹ ሁሉ ቀንና ዓመት ተሰርዘው ባዶ መስመር ቀርቷል፤ ያልተሞላ ካርድ ያልተሞላ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። የዓመቱ የሁለቱ አቆጣጠር ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ፣ ማረሚያውን የሚያየው ሌላ ሰው ሁለቱን በሠንጠረዡ ያመሳክር አልን።

300ውን ካርድ አክስቴ በራሷ ወጪ አሳተመች። ከማንም አልተቆረጠም።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ስሞች። እነዚህን ብቻ ሙሉ ቀን ሠራንባቸው።

ሐና ስሟ በሃሌታው ሃ ተጽፎ ካርዷን ስታገኝ ስሜ አይደለም ትላለች፤ ልክ ናት። ኃይሉም በብዙኃኑ ኃ ነው የለመደው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ እንዲሁ ናቸው። እስካሁን ማረሚያው የሚታረመው አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው እያዳመጠ ነበር። ይህ ዘዴ የጎደለ ቃልና የተዛባ ስልክ ቁጥር ይይዛል። ሐናንና ሃናን ግን ጆሮ አይለያቸውም! ለዓመታት ስሞች ያመለጡት ሰዎቹ ስላላነበቡ ሳይሆን፣ ያነበቡት በጆሮ ስለነበር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛው ስሙን በራሱ እጅ በትዕዛዝ ቅጹ ላይ ይጽፋል፤ ስም በዓይን፣ ፊደል በፊደል ከእጅ ጽሑፉ ጋር ይመሳከራል። ቁጥርና ሌላው ጽሑፍ እንደ ቀድሞው በድምፅ ይነበባል።

ሌላው የፊደል ጣጣ ከኮምፒውተር ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎች ዛሬም ከቆዩ መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ። ወደ አዲሱ ሲቀየሩ አንዳንድ ፊደል ይጠፋል ወይም ወደ ሌላ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲመጣ ጽሑፉ እንደገና ይተየባል፣ ጊዜውም ለደንበኛው አስቀድሞ ይነገረዋል ብለን ወሰንን።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

የትዕዛዝ ቅጹ ከሸፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው። 31 ጥያቄ አድርጌበት ነበር፤ በፋብሪካ የለመድኩትን ነው ያመጣሁት። ትዕዛዝ ተቀባይዋ ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቃት 31 ጥያቄ መጠየቅ ስላልቻለች፣ ሰባቱን ሞልታ የቀረውን ማታ በግምት ትሞላው ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሳልጠይቃት። ከወር በፊት አትነግረኝም ነበር።

ቅጹን አብረን አፈረስነው። እሷ እርሳሱን ይዛ እኔ እያዳመጥኩ፣ «ይህ ባይጻፍ ምን ይበላሻል?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አጠርነው። ዘጠኝ ቀረ። ለውጥ የሚጻፍበት አንድ ቦታ እሷ ጨመረች፦ ደንበኛ በስልክ የሚያስቀይረው ነገር ሁሉ፣ ለማንም ይደወል፣ እዚያ ላይ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ይቆጠራል። ያ በእኔ 31 ጥያቄ ውስጥ አልነበረም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

አክስቴ አንድ ጨረታ ላይ የአይኤስኦ 9001 (የዓለም አቀፉ የጥራት አመራር ደረጃ) የምስክር ወረቀት ሲጠየቅ አይታ «ለምን እሱን አናወጣም?» አለችኝ። አንድ ቀን ይደርሳል አልኳት። የ2015ቱ እትም የቆመባቸውን ሰባት መርሆች ስነግራት ደንበኛን ማስቀደም፣ ሠራተኛን ማሳተፍ፣ ሥራን እንደ ተያያዘ ሂደት ማየት፣ በማስረጃ መወሰን የሚሉት ላይ ስትደርስ «ይህንማ ጀምረነዋል» አለች። ማኅተሙ ከሥራው ቀድሞ ከመጣ ግን ሠራተኛው ለመርማሪ የሚታይ ወረቀት መሙላት ብቻ ይለምዳል። ይህን በሌላ ቦታ በዓይኔ አይቻለሁና አላስቸኮልኳትም።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ማሽኑ ላይ አዲስ ሥራ ሲጫን ቀለሙና አቀማመጡ እስኪስተካከል ድረስ የሚባክን ወረቀት አለ። አክስቴ በየቀኑ ትጠይቃለች። ትናንት 140 ወረቀት ባከነ ሲሏት ጋሼን ተቆጣች፤ ባለፈው ሳምንት 50 ሲሆን አመስግናቸው ነበር። ጋሼ ሁለቱም አልገባቸውም፤ «ሰኞም ያው እኔ ነኝ፣ ሐሙስም ያው እኔ ነኝ» አሉኝ።

የ20 ሥራዎችን ብክነት በተራ ቁጥር በካሬ ወረቀት ላይ አስቀመጥን። አማካዩ 86 ሆነ። ከአንዱ ሥራ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት በአማካይ 24 ነው። ይህን ለእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል በተቀመጠው ቋሚ ቁጥር፣ በ2.66 አባዝተን ከአማካዩ ላይ ስንደምር 150 ገደማ፣ ስንቀንስ 22 ገደማ አገኘን። ሁለት መስመር አሰመርን። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሼዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ያመጣው የቁጥጥር ሥዕል ዘመድ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው መውጣትና መውረድ የሥርዓቱ የራሱ ጠባይ ነው፤ ሥዕሉ በማንም ሰው ቁጣም ሆነ ምስጋና አይለወጥም። 140 ከውስጥ ነው። 50ም ከውስጥ ነው። ሁለቱን ቀኖች የሚለይ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከመስመሩ የወጣ ሲመጣ ግን ያኔ ሥራ ቁሞ ይጠየቃል።

ጋሼ ሥዕሉን ከማሽናቸው በላይ ራሳቸው ለጠፉት። ነጥቦቹንም ራሳቸው ያስቀምጣሉ። አክስቴ ወርዳ ስታየው እሳቸው ናቸው ያስረዷት፤ እኔ ከጀርባ ቆሜ ነበር። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሐሙስ ዕለት ነጥቡ 230 ላይ ወጣ። ጋሼ ማንንም ሳይጠብቁ ማሽኑን አቁመው የወረቀቱን ሪም አውጥተው አዩት። ጠርዙ ይሞገዳል፤ ማሽኑ ሁለት ሁለት ወረቀት ይስባል። ሪሙ የተቀመጠው መሬት ላይ፣ ከመታጠቢያው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። ግድግዳውን በእጄ ነካሁት፤ ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል።

ዛሬ ዕቃ ቤቱን አጸዳን። ወረቀቱ ሁሉ ከግድግዳው ርቆ በእንጨት ፓሌት ላይ ተቀመጠ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ቀኑ ተጻፈበት። አንዱ ልጅ ከዚህ በፊት በሠራበት ፋብሪካ ካይዘን (የጃፓኖችን ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ) ሠልጥኖ ስለነበር አምስቱን ማዎች፣ የሥራ ቦታ የሚደራጅባቸውን አምስት ደረጃዎች፣ በቃሉ ያውቃል፤ ሥራውን የመራው እሱ ነው። ካይዘን በአገራችን ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ በተጀመረ ሙከራ ሲሆን የካይዘን ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ተመሠረተ። ልጁ እዚህ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሠልጥነሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ከባድ ቀን። ባለፈው ሳምንት 400 የሥልጠና ምስክር ወረቀት በአሮጌ አርማ ታትሞ ወጣ። ደንበኛዋ በሠልጣኞች ፊት ነው ያየችው። አክስቴ በንዴት 600 ብር ከዲዛይነሩ ደመወዝ ቆረጠች። ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው፤ ከማንም ሳይሆን ከካርቶኑ። ከረቡዕ ጀምሮ አንድም ብልሽት አልተጻፈበትም። ወደ ደረጃው ሥር ወረድኩ። አዲስ ጆንያ አለ።

አክስቴን አልተቆጣኋትም፤ መብት የለኝም፣ በዚያ ላይ የተጎዳችው እሷ ናት። ካርቶኑንና ጆንያውን ብቻ አሳየኋት። ከዚያ ከዲዛይነሩ ጋር ምክንያቱን ፈለግን። ደንበኛዋ አሮጌውንም አዲሱንም አርማ በአንድ ቀን ልካለች፤ ሁለቱም በስልኩ ውስጥ በአንድ ስም ተቀምጠዋል። ቅጹ ላይ ስለ አርማ የሚጠይቅ ቦታ የለም። ዘጠኙን ጥያቄ ስናጥር የጣልነው እኔና ትዕዛዝ ተቀባይዋ ነን።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

አክስቴ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰበሰበች። 600 ብሩን በፖስታ ይዛ ነበር፤ በሁሉም ፊት ለዲዛይነሩ ሰጠችው። «ቃሌን አጥፌአለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። እሱ ተነሥቶ ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ዕድሜዋንና ጠባይዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደጠየቃት ይገባዋል። ስለ ጥራት ከሠለጠንኩባቸው ክፍሎች ሁሉ ይህ አንድ ሩብ ሰዓት ይበልጥብኛል።

የአርማ ጥያቄ ገባ፦ አርማ በግል ስልክ አይቀበልም፣ ወደ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ይላካል፤ ታትሞ ከቅጹ ጋር ይያያዝና ደንበኛው በላዩ ይፈርማል።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ ላይ አምስት መስመር ተጻፈ። የሳምንቱ ነው፤ ከጆንያው እያወጡ ነው የጻፉት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የዚህ ሳምንት ቁጥር፦ 44 ሥራ፣ 9 ብልሽት። በታኅሣሥ 61 ሥራ፣ 26 ብልሽት ነበር። ጾም ስለገባ ሠርግ የለም፣ ሥራውም ቀለል ብሏል፤ ስለዚህ 26ን ከ9 ጋር ማወዳደር አይገባም። ከመቶ ስናሰላው ከ43 ወደ 20 ወርዷል። የጽሑፍ ስሕተቱ ከ14 ወደ 2። የቀለሙ ግን ምንም አልተነካም፤ አራት ነበር፣ አራት ነው። ሁለቱ የወረቀት፣ አንዱ የመቁረጥ ነው። አንድ ሳምንት ብዙ አያስረዳም፤ የሚቀጥለውን የሠርግ ወቅት ማየት አለብን።

አክስቴ ተቆጣጣሪ የመቅጠሩን ሐሳብ አላነሳችውም። ለዚያ ደመወዝ ያሰበችውን ገንዘብ ጋሼ የቀለም መለኪያ ይገዛልን ብለው ጠይቀዋል። ዋጋ እያጠያየቅን ነው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ሦስት ወሩ ሰኞ ይሞላል። አክስቴ የቅጥር ውሉን አውጥታ ስለ ደመወዝ መቁረጥ የሚለውን አንቀጽ በመስመር ሰረዘችና ለትዕዛዝ ተቀባይዋ እንደገና እንድትተይበው ሰጠቻት።

የትዕዛዝ ቅጹ ሦስተኛ እትም ዛሬ ተዘጋጀ፤ አሥር ጥያቄ። 200 ልናትም ስለሆነ እንደማንኛውም ሥራ ማረሚያው ዞረ። ትዕዛዝ ተቀባይዋ ጮክ ብላ አነበበች፣ ዲዛይነሩ ስሞቹን በዓይኑ አየ። መቁረጫው ላይ የሚሠራው ልጅ ግን ቅጹን ከእጃቸው ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አጠፈው፤ አንዱን በርዝመቱ፣ አንዱን በወርዱ። በወርዱ ያጠፈው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ።

«ወፍራም ካርድ ሲሆን ይብሳል» አለ። «የወረቀቱ ጭረት፣ የክሮቹ አቅጣጫ ማለት ነው፣ በየት በኩል እንደሚሄድ እዚህ ላይ ካልተጻፈ እኔ የማውቀው ከቆረጥኩ በኋላ ነው።»

ቦታ ሠራንለት። አሥራ አንድ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ወደ ፕሌት ይሄዳል።